የዛፍ ቆጠራ ኃጢአት ነው?

ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ሊያስቆጥር ሲነሣ የተከራከረው ኢዮአብ ነበር። ኢዮአብ እጁ በደም የተነከረ የጦር አለቃ ነው፤ እሱ እንኳ ነገሩን አልወደደውም። የንጉሡ ቃል ግን ጸና። ቆጣሪዎቹ ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን አገሩን ዞረው፣ ሰይፍ የሚመዙትን ሰዎች ብዛት ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ቸነፈር 70,000 ሰው ፈጀ። ታሪኩ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ ትዝታው በእኛም ኑሮ ውስጥ አለ ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ከብቱን ቆጥሮ መናገር የማይወድ ገበሬ፣ የልጆቿን ቁጥር ስትጠየቅ ነገሩን የምታድበሰብስ እናት በአገራችን እንግዳ አይደሉም። የተቆጠረ ነገር በረከቱ ይሸሻል የሚል ፍርሃት አለ። እንግዲህ የደን ባለሙያ ሜትርና መዝገብ ይዞ በደብር ደን ውስጥ ሲገባና እያንዳንዱን ጽድና ወይራ ለክቶ ሲጽፍ፣ የሚያደርገው የዳዊትን ሥራ ነው ወይስ ሌላ? የፈጣሪ የሆነውን ነገር መቁጠር ይገባናል?

እኔ ይገባናል ብቻ ሳይሆን ግዴታችን ነው ባይ ነኝ። የዳዊት በደል መቁጠሩ ቢሆን ኖሮ ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት አንዱ ኦሪት ዘኁልቍ ተብሎ በቆጠራ ባልተሰየመ ነበር፤ በዚያ መጽሐፍ ቁጠሩ ብሎ ያዘዘው እግዚአብሔር ራሱ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ደግሞ ከቆጠራ ጋር አንድ ሥርዓት ተደንግጓል፤ የሚቆጠር ሰው ሁሉ፣ ሀብታምም ሆነ ድኻ፣ ስለ ነፍሱ ግማሽ ሰቅል ይሰጣል፤ ይህም መቅሠፍት እንዳይመጣ ነው። ይህን ሥርዓት እኔ የምረዳው ቆጠራ ዕዳ ይፈጥራል በሚል ነው፤ ሰው በጅምላ እንዲቆጠር አልተፈቀደም፤ አንድ በአንድ፣ የነፍሱ ዋጋ ታስቦ ነው። ዳዊት ያስቆጠረው ግን ሰይፎችን ነው፤ ሕፃኑ፣ መበለቲቱ፣ ሽማግሌው በመዝገቡ የሉም። ሰውን በአንድ ጥቅሙ ብቻ አይቶ ድምሩን እንደ ኩራት መያዝ ነበር ጥፋቱ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለውን እረኛ ደግሞ እንመልከት። መቶ በጎች አሉት፤ አንዷ ጠፋች፤ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ሊፈልጋት ሄደ። ስለ ፍቅሩ ብዙ ተሰብኳል፤ ፍቅሩ የጀመረው በመቁጠሩ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ባይቆጥር አንዷ መጥፋቷን አያውቅም ነበር። ቁርኣንም አላህ ሁሉን ነገር በቁጥር እንደሚያውቅ በሱረቱል ጂን መጨረሻ ያስተምራል፤ በሱረቱል አንዓም ደግሞ ከዛፍ የምትረግፍ ቅጠል እንኳ ከእውቀቱ ውጭ እንዳልሆነች ይናገራል። ሁለቱም እምነቶች የሚያመልኩት አምላክ እያንዳንዱን የሚያውቅ አምላክ ነው። ጥያቄው እንግዲህ መቁጠር ይፈቀዳል ወይ የሚለው ሳይሆን፣ ምን ብለን፣ ለምን ብለን እንቁጠር የሚለው ነው።

የኳታሯ ዶሃ ይህን ለማሰብ የምትመች ከተማ ናት። እዚህ ዛፍ በቁጥር ይነገራል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የተጀመረው የአንድ ሚሊዮን ዛፍ ተከላ በ2022፣ በዓለም ዋንጫው ዓመት ግቡን መታ ተባለ፤ ቀጥሎ የታቀደው እስከ 2030 አሥር ሚሊዮን ነው። በአገር ቤትም በዚያው በ2019፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በይፋ ተነግሯል። ሁለቱም ዘመቻዎች በጎ ናቸው፤ በረሃን ለማለምለምና የተራቆተ ተራራን ለመሸፈን የተነሣን ሕዝብ መንቀፍ አልፈልግም። ግን የተነገሩት ቁጥሮች ስለ ተካዩ ጉልበት እንጂ ስለ ዛፉ ኑሮ አይነግሩንም። ችግኝ በተተከለበት ቀን ተቆጥሮ፣ በአምስተኛው ዓመት ሳይቆጠር ሲቀር፣ ቁጥሩ ሰይፍ የመቁጠር ያህል ነው። የቃላት ፍቺም ቁጥርን ያነሣል ይጥላል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ደን የሚለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ አምስት ሜትር ቁመት፣ አሥር በመቶ የቅርንጫፍ ጥላ ያለውን ነው። ኢትዮጵያ ከጥቂት ዓመታት በፊት የራሷን መስፈርት አውጥታ ቁመቱን ወደ ሁለት ሜትር ዝቅ፣ ጥላውን ወደ ሃያ በመቶ ከፍ አደረገች፤ ዝቅ ያለ የቆላ ጫካም በደን ስለተመዘገበ የአገሪቱ የደን ሽፋን 15.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ በየመድረኩ ይነገር የነበረው ወደ አራት በመቶ ገደማ ነበር። በመካከሉ ደኑ አራት እጥፍ አልበቀለም፤ አዲሱ ፍቺ ምክንያት አለው፣ ማታለልም አይደለም። ግን «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ምን ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት ሊመለስ እንደማይችል ያሳያል።

የደን ባለሙያዎች ጥግግት የሚሉት ነገር ይህን ጥያቄ በተግባር የሚጠይቅ መሣሪያ ነው። ጥግግት የዛፍ ብዛት ብቻ አይደለም። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ የግንዳቸው ውፍረት 10 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ሺሕ ዛፎች ቢኖሩና በሌላው ሄክታር 40 ሳንቲሜትር የሚወፍሩ አንድ መቶ ዛፎች ቢኖሩ፣ በቁጥር የመጀመሪያው አሥር እጥፍ ይበልጣል። ግንዶቹ በደረት ቁመት፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ቢቆረጡ የሚይዙት ስፋት ሲደመር ግን ሁለተኛው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ውፍረቱ አራት እጥፍ የሆነ ግንድ ስፋቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ራይኔኬ የተባለ አሜሪካዊ የደን ሊቅ ሌላ ስሌት አቀረበ፤ ዛፎች እየወፈሩ ሲሄዱ አንዱ ሌላውን እያፈነ ቁጥራቸው የሚቀንስበትን ሕግ ተከትሎ፣ ያ ባለ 40 ሳንቲሜትር ዛፍ የሚይዘው የመኖሪያ ቦታ የዘጠኝ ቀጫጭን ዛፎች ያህል መሆኑን የሚያሳይ ነው። አንድ ዛፍ አንድ ነው፤ በሌላ ዓይን አሥራ ስድስት ነው፤ በሌላ ዓይን ደግሞ ዘጠኝ። ቁጥሮቹ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ልዩነቱ የጥያቄው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያዊው የደን ባለሙያ ቢተርሊኽ የግንድ ስፋትን ልኬት ከሒሳብ ሊቃውንት እጅ አውጥቶ ለማንም አስረከበው። አንድ ሜትር የሚረዝም ዱላ ውሰዱ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ስፋት ያላት ቁራጭ ቆርቆሮ ምቱበት፤ የዱላውን ሌላ ጫፍ ዓይናችሁ ሥር አድርጋችሁ በቆማችሁበት ዙሩ። ግንዱ በደረት ቁመት ከቆርቆሮዋ ሰፍቶ የሚታየውን ዛፍ ሁሉ ቁጠሩ፤ ቀጥኖ የሚታየውን እለፉት። አንድ ሙሉ ዙር ስትጨርሱ የቆጠራችሁት ቁጥር፣ ምንም ሳይባዛ ሳይካፈል፣ በሄክታር ያለው የግንዶች ስፋት በካሬ ሜትር ነው። አሥራ ስምንት ዛፍ ከቆጠራችሁ አሥራ ስምንት ካሬ ሜትር። ወፍራም ዛፍ ከሩቅም ይቆጠራል፤ ቀጭኑ የሚቆጠረው ቅርብ ሲሆን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ እንደ መጠኑ የሚሰጥ ቆጠራ ነው፤ ይህን ያህል ቀላልና ይህን ያህል ፍትሐዊ ልኬት ጥቂት ነው የማውቀው።

ችግሩ የሚመጣው ደኑ ድብልቅ ሲሆን ነው። የራይኔኬ ስሌት የተወለደው እኩያ ዕድሜ ካላቸው፣ ዓይነታቸውም አንድ ከሆነ ዛፎች ነው። በተፈጥሮ ደን ውስጥ ግን ጥላ የሚወደው ከፀሐይ ወዳጁ ጋር፣ እንጨቱ ጠንካራ የሆነው ወይራ ለስላሳ እንጨት ካለው ብሳና ጋር፣ የመቶ ዓመቱ ዝግባ ከትናንት ወዲያ ከበቀለው ቡቃያ ጋር ይኖራሉ። አንዱ ዓይነት ተጠጋግቶ መኖር ይችላል፤ ሌላው አይችልም። ለሁሉም አንድ የጥግግት ቁጥር ማውጣት በአንድ ቤት ያሉትን አያት፣ ጎረምሳና ሕፃን ደምሮ ለሦስት እንደ ማካፈል ነው። ስለዚህ ድብልቅ ደን በልኩ የሚታወቀው በየዓይነቱና በየውፍረቱ ተለይቶ ሲቆጠር ነው። እዚህ ላይ ልኬቱ ከሃይማኖቱ ጋር ይገናኛል ብዬ አምናለሁ፤ የሚጠይቀው «ስንት አለን?» ሳይሆን «ለማን ቦታ አለ? ማንስ ጎድሏል?» ነው። ጥያቄው የእረኛው ነው።

ኳታር ውስጥ ድብልቅ የተፈጥሮ ደን አለ ቢባል ብዙ ሰው ይገረም ይሆናል። በአል ዘኺራ ያለው የባሕር ዳር ጫካ በጣም የታወቀ ነው፤ ግን ድብልቅ አይደለም፣ የተገነባው በአንድ ዓይነት ዛፍ ነው። ድብልቁ ያለው በረውዳዎቹ ነው። ረውዳ ማለት በረሃው ትንሽ ጎድጎድ ያለበት፣ የዝናብ ውኃ ደለል ይዞ የሚተኛበት ቦታ ነው፤ ቃሉ በዐረብኛ የአትክልት ስፍራ ማለት ሲሆን፣ በአገራችን ስንት ሴት ልጅ የምትጠራበት ስም ነው። ዶሃ የሚኖር ሰው ረውዳት አል ኸይል የሚለውን ሰፈር ሳያውቅ አይቀርም፤ ዛሬ አስፋልትና ሕንፃ ነው፤ ስሙ ግን የፈረሶች መስክ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ከከተማው ወጣ ባሉት ረውዳዎች ግራር፣ ዐረቦች አውሰጅ የሚሉት እሾሃማ ቁጥቋጦና ሲድራ አብረው ይበቅላሉ። ሲድራ ለእኛ ባዕድ አይደለችም፤ በቆላው አገራችን ቁርቁራ የምንላት ዛፍ ናት። ፍሬዋን ልጆች የሚለቅሙት፣ ቅጠሏ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ የሚያወጣው፣ ሙስሊሞች ሬሳ የሚያጥቡበት ያው ነው። የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት የክርስቶስ እሾህ የሚል ስም አውጥተውላታል፤ በቁርኣን የመጨረሻዪቱ ወሰን ዛፍ እሷ ናት። የኳታር ፋውንዴሽን ምልክቱ አድርጓታል። በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ሲድራን የሚቆርጥ ሰው ብርቱ ማስጠንቀቂያ ተነግሮበታል፤ አቡ ዳውድም ይህ መንገደኛና እንስሳ የሚጠለሉባትን የበረሃ ሲድራ ያለ ምክንያት ለሚቆርጥ ነው ብሎ አብራርቶታል። ማብራሪያው ራሱ ሚዛን ነው፤ ዛፏ የተመዘነችው በምትጠቅማቸው ፍጥረታት ልክ ነው።

ረውዳ ላይ የቆመ ሰው ዛፎቹ ተራርቀው ያያል። በሁለት ሲድራ መካከል ያለው መሬት ባዶ ይመስላል፤ እዚህ ቢተከልስ ያሰኛል። ግን በዓመት በአማካይ 80 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት አገር ባዶው መሬት ባዶ አይደለም፤ ከሥር በሥሮች ተይዟል። ከላይ የሚታየው ርቀት ከታች ያለው የውኃ ክፍፍል ነው። እዚያ መካከል አዲስ ችግኝ በብዛት መትከል ከሽማግሌዋ ዛፍ አፍ ውኃ መንጠቅ ሊሆን ይችላል። በአገራችን የባሕር ዳር ከተማ አካባቢ ደን ከአንድ ሺሕ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጠጥቶ የሚሸከመውን ጥግግት ረውዳ አይሸከምም፤ አነሰ ተብሎም አይነቀፍም። ሱረቱል ሒጅር ምድር የምታበቅለው ሁሉ በሚዛን መሆኑን ያስተምራል፤ በእኛ ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ውስጥ ያለው መጽሐፈ ጥበብም ፈጣሪ ሁሉን በልክና በቁጥር በሚዛንም እንደ ሠራ ይመሰክራል። ልክ የሚባለው ነገር እኛ የምናወጣው ሳይሆን ቀድሞ የተቀመጠ ነው ማለት ነው፤ ሰው ሲለካ የሚያደርገው ያንን የተቀመጠውን ማወቅ ነው። ለመብዛት የተሰጠ በረከትም በዚያ ልክ ውስጥ የተሰጠ ነው።

በደጋው አገራችን ያለው ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ ሞልቶ የሚታየው ጎድሏል። ደን ለቤተ ክርስቲያን ልብሷ ነው ይባላል፤ በጎንደርና በጎጃም ሜዳ ላይ ከሩቅ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ሲታይ ውስጡ ጉልላት እንዳለ ያስታውቃል። በወሎ የሸኾች መካነ መቃብርም እንዲሁ በዛፍ የተከበበ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨታም ዕፅዋት መዝግበዋል፤ በዙሪያው ያለው እርሻ የጣለውን ቅጥሩ አቆይቶታል ማለት ነው። ግን ዛፎቹ በውፍረታቸው ተለይተው ሲቆጠሩ ሌላ ነገር ታየ። በብዙዎቹ ዓይነቶች ትልልቆቹ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ወፍ ዘራሽ ችግኝ ጥቂት ነው ወይም የለም። ከብት ገብቶ ይረግጠዋል፣ ይግጠዋል። በገላውዴዎስና በደብረ ሰና ደብሮች ደን ከብት እንዳይገባ የታጠረው ቦታ ካልታጠረው ጋር ሲነጻጸር ችግኙ በታጠረው በተሻለ ተረፈ። ይህን በዓይን ብቻ የሚያይ ሰው አያውቀውም። ምዕመኑ በዓመት በዓል ሲመጣ ጥላው እንደ ድሮው ነው፤ ወፎቹም ይዘምራሉ። ልጅ ያልተወለደበት መንደርም እኮ ለአንድ ትውልድ ያህል ሰው የሞላበት ይመስላል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ቀላል አድርጌ ላልፈው አልፈልግም። ይህ ደን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው ስላልተለካ ነው ይባላል። አባቶች ግዝት አደረጉበት፤ ሕዝቡ ፈራው፤ ስለዚህ ቆየ። ልኬት ሲገባ ዛፉ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሜትር ኩብ የሆነ ነገር ደግሞ ዋጋ ይወጣለታል። ታሪክም ለዚህ ምስክር አለው። የደን ልኬት ሳይንስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ምድር ሲያድግ የተፈለገው ለመሳፍንቱ ግምጃ ቤት የሚገባውን እንጨት ማስላት ነበር። ለመቁጠር እንዲመች ድብልቁ ደን እየተመነጠረ በረድፍ የቆመ አንድ ዓይነት ዛፍ ተተካበት፤ የመጀመሪያው ትውልድ ትርፉ ከፍ ያለ ሆነ፤ በቀጣዩ ግን መሬቱ ደኸየና ዛፉ ታመመ። ቆጠራው ደኑን ለራሱ እንዲመች አድርጎ ቀረጸው። ይህ የዳዊት ቆጠራ ነው፤ አልክድም። ግን ከዚህ የሚከተለው አንቁጠር የሚል አይደለም። ግዝቱ ደኑን ከምሳር ጠበቀው፤ ከበሬ ጥርስ ግን አልጠበቀውም። ምክንያቱም በሬው ቅዱሱን ዛፍ አይቆርጥም፣ የቅዱሱን ዛፍ ልጅ ነው የሚበላው፤ ማንም እንደ ነውር አላየውም። ፍርሃተ እግዚአብሔር የማያየውን ጉዳት ልኬት አሳየው። ሁለቱ ጠላቶች አይደሉም፤ አንዱ የሌላው ዓይን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከልብ የመጣ ነው፤ ዛፍ መትከል ሁሌም ጽድቅ ከሆነ፣ ለምን ልክ እናወጣበታለን? ትንሣኤ እንኳ ቢደርስ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ ይትከል የሚል ሐዲስ አለ፤ እኔም ከሃይማኖት ትምህርቶች ሁሉ ለዛፍ የተሰጠ ከዚህ የበለጠ ክብር አላውቅም። መልሴ አጭር ነው፤ ያ ሐዲስ ተስፋ አትቁረጥ ይላል እንጂ አትመርምር አይልም። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃም ዛፍ በመካከለኛው አዋሽ በበጎ ሐሳብ ተተከለ፤ በረሃን ይመክታል፣ ማገዶ ይሆናል ተብሎ። ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሮ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ነጥቋል። በኳታርም ከአገሬው ዛፍ ጋር የሚሻማ ወራሪ ተክል ሆኗል። በሄክታር ስንት ግንድ ቆሟል ብቻ ብሎ ለሚጠይቅ ቆጣሪ ያ ወረራ ድል ነው። የማን ግንድ ነው፣ ከሥሩ ምን በቀለ፣ ምን ጠፋ ብሎ ለሚጠይቅ ግን ጥፋቱ ቀደም ብሎ በታወቀ ነበር። የባሕር ዛፍ በየደብሩ ዳር መግባቱም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል፤ ለደብሩ ገቢ ይሆናል፣ ግን ከጽዱና ከወይራው ጋር በአንድ ድምር ተጽፎ «ደናችን ጨመረ» ሊባልበት አይገባም።

ታዲያ ቆጣሪው ማን ይሁን? እኔ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣውን ባለሙያ ብቻ መጠበቅ የለብንም እላለሁ። የአብነት ተማሪዎች፣ ቄሰ ገበዙ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ የመስጊዱ ኮሚቴ ዱላውንና ቆርቆሮዋን ይዘው በዓመት አንድ ቀን ሊቆጥሩ ይችላሉ፤ ዛፎቹን በስማቸው የሚያውቋቸው እነሱ ናቸውና ዓይነት መለየቱም አይቸግራቸውም። ትልልቆቹን በዱላው፤ ወፍ ዘራሹን ደግሞ አራት ሜትር በአራት ሜትር በሆነ መሬት ላይ ተንበርክኮ አንድ በአንድ። መዝገቡ ከጥምቀትና ከተክሊል መዝገብ ጎን ይቀመጥ።

ዶሃ ሆናችሁ ለትውልድ ቀበሌያችሁ ደብር ወይም መስጊድ የችግኝ መግዣ የምታዋጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ባለፈው የተተከለው ዛሬ ስንት ቀረ? ከዓይነቱ የትኛው ነው ልጅ ያጣው? ቅጥሩ ከብት ያስገባል ወይ? የሚያስገባ ከሆነ ለዚህ ዓመት የችግኙን ገንዘብ ለአጥር አድርጉት። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከየደብሩ ካህናትና ገበሬዎች ጋር ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የአጥሩ ድንጋይ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ማሳው ጸዳ፣ ደኑ ታጠረ፣ ከአጥሩ ውስጥም ሳይተከል የበቀለ ችግኝ ታየ።